ሳያሟርቱ ስጋትን መጻፍ፦ ለቢዝነስ ፕላን የሚሆኑ ቃላት ከነአጠቃቀማቸው

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰው ማመልከቻ፣ ውልና ቢዝነስ ፕላን እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። አምና ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ባለበሰበት አንድ ጠዋት፣ አጎቴ ከመንዝ መጡ። በግ አድልበው ለፋሲካ ሊሸጡ ብድር ጠይቀዋል። አበዳሪው ደግሞ ቢዝነስ ፕላን አምጡ ብሏቸዋል። ቁጭ ብለን ጻፍን። ዓላማው፣ ወጪው፣ ገቢው ሁሉ አለቀና «ሊያጋጥሙ የሚችሉ ስጋቶች» የሚለው ርዕስ ላይ ደረስን።

«ጋሼ፣ በጎቹ ቢታመሙስ?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ገና ሳልገዛቸው ታሟርትብኛለህ እንዴ?»

እኔም ደከመኝና «ሥራው ምንም ዓይነት ስጋት የለውም» ብዬ ዘጋሁት። ወረቀቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ያ ዐረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮበታል። ከጎኑ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «እንዴት?»

ጥፋቱ የእኔ ነው። አበዳሪ «ስጋት የለም» የሚል ወረቀት ሲያይ፣ ሰውየው ወይ ሥራውን አያውቀውም ወይ እየደበቀኝ ነው ይላል። የአጎቴም ነገር ግን አይፈረድበትም። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እየተባለ ያደገ ሰው ክፉውን በስሙ ጠርተህ ጻፍ ሲሉት ይከብደዋል። ስለዚህ ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ ምንም በማይሉ የቢሮ ቃላት እንሸፍነዋለን። ሁለተኛው ይብሳል። የሚገርመው፣ አጎቴ ስለ በግና ስለ ዝናብ ሲያወሩ የሚጠቀሙባቸው ቃላት እኔ ከምጽፋቸው ይልቅ ስጋትን ጥርት አድርገው ያሳያሉ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው።

ደረጃ 1፦ አምስቱን ቃላት ለዩ

ስጋት፣ አደጋ፣ ጉዳት፣ ኪሳራ፣ ችግር። ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋል። እያንዳንዱ ግን የራሱ ሰዓት አለው።

ስጋት «ሰጋ» ከሚለው ነው። ገና አልመጣም። ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ዛሬ ያለ ነገር ስጋት አይባልም።

አደጋ ሲደርስ ነው። የድሮ ሰው «አደጋ ጣለበት» ሲል አድፍጦ፣ ሳይታሰብ መጣበት ማለቱ ነው። ቃሉ ድንገተኛነትን ተሸክሟል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ «የውርጭ አደጋ» ብዬ ስጽፍ ትንሽ ይቀፈኛል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ እንደሚመጣ ሕፃን ልጅ ያውቃል። መምጣቱ የታወቀ ነው፤ ስጋቱ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። መኪና ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ ቢገለበጥ ግን፣ እሱ አደጋ ነው።

ጉዳት የደረሰው ነገር ትቶት የሚሄደው ነው። ሦስት በግ ሞተ፣ ጉዳት ነው። ኪሳራ ደግሞ ሒሳቡ ተዘግቶ ገቢው ከወጪው ሲያንስ ነው። ሦስት በግ ሞቶም የቀሩት ጥሩ ከተሸጡ ኪሳራ የለም። ይህን ልዩነት ካልጠበቃችሁ፣ ትንሿን ጉዳት ሁሉ ኪሳራ እያላችሁ አበዳሪውን በከንቱ ታስፈራራላችሁ። በዚያ ላይ ኪሳራ የሕግም ቃል ነው። የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ስለ ኪሳራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እዚያ ውስጥ «ከሰረ» ማለት ፍርድ ቤት የሚወስነው ነገር ነው። «ልንከስር እንችላለን» ከማለት «ትርፋችን በዚህን ያህል ሊቀንስ ይችላል» ማለት ይሻላል፣ እውነቱ እሱ ከሆነ።

ችግር አሁን እጃችሁ ላይ ያለው ነው። «የውሃ ችግር አለብን» ብላችሁ ስጋት ሥር ከጻፋችሁ፣ አንባቢው «ታዲያ ለምን አልፈታችሁትም?» ይላል። መለያው ቀላል ነው። «ዛሬ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ከሆነ ችግር ነው፤ ቦታው የሥራው ሁኔታ ሲገለጽ ነው። ገና ከሆነ ስጋት ነው።

አንድ ስድስተኛ ቃል አለ፣ «ተግዳሮት» የሚሉት። ሪፖርት ላይ አይጠፋም። ለአጎቴ «ዋና ዋና ተግዳሮቶች» ብዬ ሳነብላቸው፣ «ይኼኛው ደግሞ የምን በሽታ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትቼዋለሁ።

«ሪስክ» የሚለውስ? ስናወራ ሁላችንም «ሪስክ አለው» እንላለን፣ ክፋት የለውም። ወረቀት ላይ ግን ስጋት ይበቃል። የማይሆነው «አደጋ ወሰድን» ማለት ነው። አደጋ ይጣላል፣ ይደርሳል እንጂ አይወሰድም። በእኛ አፍ ሰው «ደፍሮ ይገባበታል»። ለወረቀት ሲሆን «ይህን ስጋት እያወቅን ገብተንበታል» ብትሉ ትርጉሙም ክብሩም ሙሉ ነው።

ደረጃ 2፦ ስም አትጻፉ፣ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

«የበሽታ ስጋት። የገበያ ስጋት። የጸጥታ ችግር። የአየር ንብረት መዛባት።» እጄ ላይ ከሚመጡት አሥር ቢዝነስ ፕላኖች ዘጠኙ እንዲህ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እነዚህ ስሞች ናቸው። ምን እንደሚሆን አይናገሩም።

ስጋት ሦስት ቁራጭ አለው፦ መነሻው፣ የሚሆነው፣ የሚያስከትለው። ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግቡ። የአጎቴን በሽታ እንውሰድ። የመንዝና የደብረ ብርሃን አካባቢ ረባዳ መስክ ክረምቱ ካለፈም በኋላ ውሃ ያቁራል። እዚያ የጉበት ትል የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ይራባሉ። ይህን ያውቃሉ አጎቴ፣ ከእኔ በላይ። «የረግረግ በግ ይበላል እንጂ አይወፍርም» አሉኝ። የሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር የእኔን «የበሽታ ስጋት» አስናቀው። አሳምሬ ጻፍኩት፦

«ረግረግ ላይ የሰነበቱ በጎችን ከገዛን የጉበት ትል ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። እንዲህ ያለ በግ የቱንም ያህል መኖ ቢበላ አይወፍርም። ስለዚህ ለፋሲካ ገበያ የታሰበውን ክብደት ሳይደርስ ይቀራል፤ የመኖው ወጪም ባክኖ ይቀራል።»

ይህን ያነበበ ሰው አጎቴ በግ እንደሚያውቁ ይገባዋል። ስጋት ሥር ችሎታችሁን ማሳየት እንደምትችሉ ብዙ ሰው አያስተውልም።

«የአየር ንብረት መዛባት» የሚለውን ደግሞ ተዉት። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ስለ በልግ ሲናገር ስንት ቃል አለው? በልጉ ቀረ። በልጉ ዘገየ። በልጉ ዘንቦ ተቋረጠ። በልጉ ከክረምቱ ጋር ገጠመ። እያንዳንዱ የተለየ ጉዳት ነው። ከቀረ ገብስ አይዘራም። ከዘገየ ተዘርቶ ሳይደርስ ክረምት ይገባበታል። ተቋርጦ ከሆነ ዘሩም ድካሙም ጠፍቷል። በግ ለሚያደልብ ሰውም ቢሆን በልግ ሲቀር ለምለም ሣር የለም፣ የድርቆሽ ዋጋ ይሰቀላል። እና እኛ ይህን ሁሉ ጥለን «መዛባት» እንላለን። የገበሬውን ግስ እንዳለ ጻፉት፦ «የበልግ ዝናብ ቢቀር የድርቆሽ ዋጋ ይወደዳል፤ ለአንድ በግ የያዝነው የመኖ ወጪ አይበቃንም።»

«የጸጥታ ችግር» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሁላችንም የምንፈራው ቃል ስለሆነ አድበስብሰን እናልፋለን። አበዳሪው ስለ ፖለቲካ አልጠየቃችሁም። የሚፈልገው በናንተ ሥራ ላይ ምን እንደሚያስከትል ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ በሉት፦ «ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በበዓሉ ሳምንት ቢዘጋ፣ በጎቹን እዚሁ በአካባቢው ዋጋ መሸጥ ግድ ይሆንብናል።» የተዘጋበትን ምክንያት መተንተን አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ «ቢ»፣ «ሲ» እና «ከ»

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አማርኛ ግሱ ላይ አንድ ፊደል ቀይሮ የስጋቱን መጠን ይቀይረዋል። ሌላው በመቶኛ የሚለውን እኛ በአንድ ፊደል እንለዋለን።

«ዋጋ ቢወርድ» ስትሉ ላይወርድም ይችላል። «ዋጋ ሲወርድ» ስትሉ መውረዱ የታወቀ ነው፣ የቀረው ጊዜው ነው። «ዋጋ ከወረደ» መሐል ላይ ነው፤ እንደ ውል ቃል ነው፣ ይህ ከሆነ ያ ይሆናል ለማለት ይመቻል። አንድ ደንበኛዬ ራሱ ጽፎ ባመጣው ወረቀት ላይ «የወተት ዋጋ ሲወርድ ላሞቹን እንሸጣለን» ይላል። ሳያስበው፣ ዋጋው እንደሚወርድና ሥራውን ዘግቶ እንደሚሄድ ለአበዳሪው ቃል ገባለት! «ቢወርድ» ማለቱ ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ በእርግጥ የሚመጣውን በ«ቢ» አትጻፉት። «የሁዳዴ ጾም ቢገባ የሥጋ ገበያ ሊቀዘቅዝ ይችላል» የሚል አይቻለሁ። ሁዳዴ ይገባ ይሆን ወይስ ይቀር ይሆን ብሎ የሚጠራጠር አለ? ሁዳዴ በየዓመቱ 55 ቀን ነው። እሱ ስጋት አይደለም፣ የቀን መቁጠሪያ ነው። «ሁዳዴ ሲገባ የሥጋ ገበያ ስለሚቀዘቅዝ በጾሙ ወራት ሽያጭ አልያዝንም» ብላችሁ እቅዱ ውስጥ አስገቡት።

መጨረሻውም ላይ መሰላል አለ። ከላላው ወደ ጠበቀው ሲሄድ እንዲህ ነው። «ምናልባት ይዘገይ ይሆናል» የወሬ ነው፣ ለወረቀት ይላላል። «ሊዘገይ ይችላል» ለብዙው ስጋት ይስማማል። «ሳይዘገይ አይቀርም» ከሆነ የመዘግየቱ ነገር ያመዝናል። «መዘግየቱ አይቀርም» ካላችሁ አለቀ፣ ይዘገያል ማለት ነው። ሁሉንም «ሊሆን ይችላል» ብሎ መደርደር የተለመደ ስንፍና ነው፣ እኔንም ጨምሮ። አንባቢው የትኛው እንደሚያሰጋችሁ አያውቅም። አንዱን ስጋት «ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ከሌሎቹ ብትለዩት ወረቀቱ ነፍስ ይዘራል።

ደረጃ 4፦ «ከፍተኛ» የሚለውን በቁጥር አስይዙት

«ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» የሚለው ሠንጠረዥ በየቅጹ ላይ አለ፣ ስለዚህ ሙሉት። ግን ከጎኑ አንድ ቁጥር ይኑር። ሁለት ነገር ነው የሚለካው፦ ምን ያህል ጊዜ ያጋጥማል፣ ካጋጠመስ ምን ያህል ይጎዳል። አይደባለቁ። ውርጭ በየዓመቱ ያጋጥማል፣ በረት ላለው በግ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። መንገድ በበዓል ሳምንት መዘጋቱ አልፎ አልፎ ነው፣ ከሆነ ግን የዓመቱን ትርፍ ይዞ ይሄዳል።

ቅጹ ላይ የመጀመሪያው «የመከሰት ዕድል» ይባላል። ይህን ለአጎቴ ሳነብላቸው ተቆጡ። «መታመም ዕድል ነው እንዴ?» እውነት አላቸው። ዕድል ለሎተሪ ነው። ቅጹ ላይ ያለውን ርዕስ መቀየር ባንችልም፣ ሰው ስትጠይቁ «ከአሥር ዓመት ስንቱን ሆነ?» በሉት። ይህን ጥያቄ የማይመልስ ሽማግሌ አላገኘሁም። «ከአሥር ዓመት ሦስቱን በልግ ቀርቶብናል» ካሏችሁ፣ ያን ጻፉ። «እንደ አካባቢው አርሶ አደሮች ልምድ» ብላችሁ ምንጩን አስቀድሙለት። የራሳቸው የቃል ግምት መሆኑ ይታወቅ።

ጉዳቱን በብር አውርዱት። 40 በግ በ9,000 ብር ገዛን እንበል፣ 360,000 ብር ነው። ሁለቱ ቢሞቱ 18,000 ብር፣ እስከዚያ የበሉት መኖ ሳይቆጠር። ያኔ «ዝቅተኛ» ብትሉም ሰው ያምናችኋል። ቁጥር የሌለው «ዝቅተኛ» ግን ማባበያ ይመስላል።

ደረጃ 5፦ ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር

«አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረጋል።» ይህን ዐረፍተ ነገር ከአማርኛ ላይ ማጥፋት ብችል ደስ ባለኝ። ማን ነው የሚያደርገው? ጥንቃቄው ምንድን ነው? ማንም የማይጠየቅበት ግስ ነው። «ክትትል ይደረጋል»፣ «ግንዛቤ ይፈጠራል»፣ «መፍትሔ ይፈለጋል» ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው።

በስጋት ላይ የምታደርጉት ነገር ከአራት አያልፍም፣ ለአራቱም ጥሩ ግስ አለን።

አንዱ እንተወዋለን ነው። ረግረግ ላይ የከረመ በግ አንገዛም፣ አለቀ። ሁለተኛው እንቀንሰዋለን። አጎቴ የተገዙትን በጎች ሁለት ሳምንት ከነባሮቹ ለይተው ሊያቆዩ፣ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንትም በእንስሳት ሐኪም የትል መድኃኒት ሊያሰጡ ተስማሙ። ድርቆሹን ደግሞ ጥር ሳይገባ፣ ገና ሣር ታጭዶ ገበያው ሲሞላ ሊገዙ። ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን አተላም እንደ መኖ ሊጠቀሙ። በዚህ ከተማ እሱ የማይናቅ ነገር ነው። ሦስተኛው እናጋራዋለን ነው፣ በመድን፣ ወይም ትርፍና ጉዳት ከሚካፈል ሸሪክ ጋር። አራተኛው እንችለዋለን። ይህን መጻፍ ሰው ያፍራል፣ ግን ነውር የለውም። «ሁለት በግ ቢሞት ከመጠባበቂያው እንሸፍነዋለን» ማለት አዋቂነት ነው።

እዚህ ላይ «መጠባበቂያ» በሉ እንጂ «ያልታሰበ ወጪ» አትበሉ። ካልታሰበ እንዴት በጀት ተያዘለት?

ደረጃ 6፦ ዋስ፣ መያዣ፣ መድን

«ዋስትና አለን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሦስት ትርጉም አለው፣ አበዳሪውም በሚመቸው ይተረጉመዋል። ሰው ከሆነ ዋስ በሉ። ቤት ወይም መኪና ከሆነ መያዣ። ኩባንያ በክፍያ የሚሸከምላችሁ ከሆነ መድን፣ ወይም ኢንሹራንስ፣ ሁለቱም ይገባል። ለመድን የምትከፍሉት አረቦን ነው፤ ጉዳት ሲደርስ የምትቀበሉት ካሳ። ሽፋን የሚባለው ካሳ የሚከፈልበት የጉዳት ዓይነት ነው። ስለዚህ «መድን ስላለን ስጋት የለብንም» ብላችሁ አትጻፉ። የመድን ውሉን አንብባችሁ ሽፋኑ ውስጥ ያለውንና የሌለውን ለዩ። በሽታ ተሸፍኖ ስርቆት ቀርቶ ከሆነ፣ ስርቆት አሁንም የናንተ ስጋት ነው።

ዋስ የምታመጡ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ለዋሱ አስረዱት። አበዳሪው መጀመሪያ እናንተን መክሰስ ሳይጠበቅበት ዋሱን መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ስንት ወዳጅነት በዚህች ሐረግ ተበላሽቷል።

ደረጃ 7፦ «ከአቅም በላይ» እንዳሻችሁ አትበትኑት

ይህ ሐረግ ከስጋት ቃላት ሁሉ በጣም የሚባክነው ነው። ስናወራ፣ ስልክ ሳናነሣ ስንቀር እንኳ «ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ» እንላለን። ሕጉ ግን ጠባብ አድርጎ ይዞታል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ላይ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ማለት ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚከለክለው ነው። ሁለቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። በቁጥር 1793 ከተዘረዘሩት ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅና ጎርፍ፣ ጦርነት፣ እንዲሁም ከመንግሥት የሚመጣ ክልከላ አሉ። በ1953 ካራቆሬንና ማጀቴን የመታውን መንቀጥቀጥ ዓይነት ማለት ነው።

ሰው የማያውቀው ቀጣዩን ነው። በቁጥር 1794 መሠረት ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ሥራ ማቆም፣ ለሥራው የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት መውረዱ፣ ወይም ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣቱ ከአቅም በላይ አይባልም። አንድ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለማቅረብ የተዋዋለ ሰው ዋጋ ሲሰቀልበት «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ ደብዳቤ እንድጽፍለት መጣ። «ወንድሜ፣ ይህ ከኪስህ በላይ ነው እንጂ ከአቅም በላይ አይደለም» አልኩት። አልሳቀም።

ትምህርቱ ከመፈረም በፊት ላለው ጊዜ ነው። የዋጋ ስጋት ካለባችሁ ውሉን ስትፈርሙ ጻፉት፦ «የመኖ ዋጋ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ዋጋ በዚህን ያህል በመቶ ቢጨምር ሁለቱ ወገኖች የመሸጫውን ዋጋ እንደገና ይነጋገሩበታል።» ሳትጽፉት ቀርታችሁ በኋላ ብታለቅሱ ሰሚ የለም።

ቀብድም አለ። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በግ ነጋዴ ከገዢ ቀብድ ሲቀበል ይህን እንደ ስጋት መቁጠር አለበት።

ማሽን ከውጭ የምታስመጡ ብትሆኑ አንድ ቃል ልጨምር፣ ምንዛሪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ «የገበያ አለመረጋጋት» አትበሉ። «ክፍያው በዶላር ስለሆነ፣ ምንዛሪው አሁን ካለበት በዚህን ያህል ቢጨምር የማሽኑ ዋጋ በብር ይህን ያህል ይደርሳል» በሉ።

ደረጃ 8፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ለባለሥራው አንብቡለት። ካልገባው፣ ወይም «ይኼ የኔ ሥራ ነው?» ካለ፣ ቃሉን ቀይሩ። የአጎቴን ሁለተኛ ወረቀት እንዲህ አነበብኩላቸው፦

«በጎቹን በጥር መጀመሪያ ገዝተን 90 ቀን ያህል እናደልባለን። ከተገዙት 40 በጎች ሁለቱ ቢሞቱ ጉዳቱ 18,000 ብርና የበሉት መኖ ነው፤ ይህን ከመጠባበቂያው እንሸፍናለን። በሽታ ወደ ሌሎቹ እንዳይዛመት ባለሥራው አዲስ የገቡትን ለሁለት ሳምንት ለይተው ያቆያሉ...»

«ቆይ» አሉኝ። «‹ቢሞቱ› የሚለውን ‹ቢጎድሉ› በለው። ደስ አይልም።»

«ጋሼ፣ ‹ቢጎድሉ› ካልን ተሰርቀው ነው ወይስ ሞተው ብለው ይመልሱታል። ለስርቆቱ ዘበኛ፣ ለሞቱ ሐኪም ነው መፍትሔው። መለየት አለበት።»

ዝም አሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። መስኮቱ ላይ ያለው ውርጭ ቀልጦ መውረድ ጀምሯል። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀበሉኝና ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው «ከክፉ ይሰውረን» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ፈረሙ።